የአጋዘኑ እርሾ

ለጎሹ ወርዶፋ የአደን ፈቃዱ የደረሰው ሰኞ ጠዋት፣ የሰገራ ናሙና ሊያስረክብ ቀበሌ ተሰልፎ ሳለ ነው።

የአስታ ሜዳ ሰው ሰኞ ሰኞ ክዳን ያላት ትንሽ ቢጫ ኩባያ በፌስታል ይዞ ይሰለፋል። ሰላምታው ከተለወጠ ቆይቷል። "ሆድዎ እንዴት አደረ?" ይባላል፤ መልሱ "ሲፈጭ አደረ፣ ተመስገን" ነው። ያልፈጨለት ሰው ዝም ይላል። ዝም ያለ ሰው ሲያጋጥም ከኋላው ያለው ተሰላፊ አንድ እርምጃ ራቅ ይላል፤ ነውር አይደለም፣ ጥንቃቄ ነው።

ጎሹ የዚያን ዕለት የያዘው ሁለት ኩባያ ነበር፣ የራሱንና የሚስቱን። መዝጋቢዋ ልጅ የፋንታዬን ኩባያ ከፈተችና በእንጨት ነካ አደረገችው።

"ቅጠሉ እንደገባ ነው የወጣው" አለች። "ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው አይደል?"

"አራተኛ።"

"እርሾ አልተሰጣቸውም እንዴ ጋሼ?"

"ሁለት ጊዜ ጠጥታለች። አልያዘላትም።"

ልጅቷ አንድ ነገር ጻፈች። ከዚያ ከመሳቢያዋ የሆድ ጽሕፈት ቤት ማኅተም ያረፈበት ፖስታ አውጥታ ሰጠችው። አንድ ወንድ አጋዘን፣ አንድ ጥይት፣ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ።

ጎሹ ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። በአካባቢው ጠመንጃ ይዞ የባሌን ተራራ መውጣት የሚፈቀድለት እሱ ብቻ ሲሆን፣ ሥራው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። በልጅነቱ ጤፍ በልቷል፤ ከእሱ በታች ያሉት ግን ጤፍን የሚያውቁት በሥዕል ነው። ከተሜው የሚበላው የግራር ለጋ፣ የጭቁኝ ቅጠልና ሣር ሲሆን፣ ያን የሚፈጭለት በየሦስት ወሩ በብልቃጥ የሚጠጣው እርሾ ነው። ሆድ ውስጥ ገብተው የሚኖሩትን ጥቃቅን ነፍሳት ሳይንሱ ረጅም ስም ቢሰጣቸውም፣ ሕዝቡ እርሾ ብሎ ጠርቷቸው በዚያው ቀርቷል። እርሾው መጀመሪያ የተገኘው ከአጋዘን ሆድ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሲባዛ እየደከመ ስለሚሄድ በዓመት አንድ ጊዜ ከዱር አጋዘን ሆድ በወጣ ትኩስ ፈርስ ይታደሳል። ሥጋው አይፈለግም። ሥጋ የሚፈጭ ሆድ ያለው ሰው ስለሌለ ለቀበሮዎቹ ይተዋል፤ ቀበሮዎቹም ፈቃዱ የሚወጣበትን ወር ሳያውቁት አይቀሩም።

ጎሹ ቤቱ ሲገባ ፋንታዬ አልጋው ላይ ተደግፋ መስኮቱን ታይ ነበር። ያስቀመጠላት ጭቁኝ ሳይነካ ሰሐኑ ላይ ጠውልጓል። አርባ ዓመት አብረው ሲኖሩ እንዲህ ቀጥና አታውቅም፤ አንጓዋ ላይ የነበረው አምባር አሁን እስከ ክርኗ ይወጣል።

"ምን አሉ?" አለችው።

"እንደገባ ወጣ አሉ።" ፖስታውን አሳያት። "ሐሙስ እወጣለሁ። ከትኩሱ አመጣልሻለሁ። የፋብሪካው አልያዘም እንጂ ትኩሱ ይይዛል።"

ፋንታዬ ፖስታውን አልነካችውም።

ምሳውን በላ። ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት በመላው ከተማ የማመንዠክ ሰዓት ነው። መሥሪያ ቤቶች ይዘጋሉ፣ ትምህርት ቤት ጸጥ ይላል፣ አውቶቡሶችም ጥግ ይዘው ይቆማሉ። ጎሹም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የበላውን መልሶ ወደ አፉ አመጣና፣ ጨዋ ሰው እንደሚያደርገው በእጁ ሸፍኖ ማላመጥ ጀመረ። ፋንታዬ የምታመነዥከው ነገር የላትም። እሱን ታየዋለች።

"እንደዚህ ስትሆን የት ነው የምትሄደው?" አለችው ሲጨርስ።

"የት እሄዳለሁ? እዚሁ ነኝ።"

"እዚህ አልነበርክም። ሦስት ጊዜ ጠራሁህ።"

ጎሹ አልሰማም ነበር። ምናልባት ሳንጎላጅ ይሆናል አላት።

አመሻሽ ላይ ደግሞ ሌላ ልማድ አለ። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፣ ከጽሕፈት ቤቱም የወረደ መመሪያ የለም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሰው የያዘውን ትቶ ከቤት ይወጣና ነፋሱ ወደሚመጣበት ፊቱን ያዞራል። ባለሱቁ ደጃፉ ላይ፣ መምህሯ ደብተሮቿን ታቅፋ፣ ፖሊሱ ብስክሌቱን እንደያዘ። አይነጋገሩም። አፍንጫቸው ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ሦስት ደቂቃ ያህል እንደዚያ ይቆሙና ወደየጉዳያቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ ነገር የጠየቀ እንግዳ "አየር እየተቀበልን ነው" ይባላል። ያን ዕለት ጎሹም ወጥቶ ቆመ። ሲመለስ ፋንታዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች።

ሐሙስ ሲነጋጋ የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ሲፈን መጣች። ዕድሜዋ ሃያ አራት ሲሆን፣ ፈርሱን የምትቀዳበት ትልቅ ፔርሙስ በጀርባዋ አዝላለች። ጎሹን ሁለት ዓመት አጅባዋለች፤ ሥራዋን የምታውቅ፣ ብዙ የማትናገር ልጅ ናት። እርሾውን የጠጣችው በተወለደች በሳምንቷ ነው፤ እናቷም እሷን ስታረግዝ ትጠጣ ነበር።

"በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልተቀዳ ይሞታል" አለችው መንገድ ሲጀምሩ። "አምና ትንሽ ዘግይተን ነበር።"

"አውቃለሁ። ሲፈን፣ አንድ ነገር ልለምንሽ።"

"ለእትዬ ፋንታዬ ነው?"

"አንድ ሲኒ ትበቃኛለች።"

"የመንግሥት ንብረት እኮ ነው ጋሽ ጎሹ።" ጥቂት ሄደች። "ፔርሙሱ የሚይዘው ሁለት ሊትር ነው። መሬት ላይ የሚፈሰውን አልቆጥርም።"

ጎሹ አመሰገናት። እሷ ግን የሰማችው አልመሰለም። እየሄደች በግራ እጇ ከመንገዱ ዳር ቅጠል ትቀነጥብና አፏ ውስጥ ትጨምር ነበር። ቁጥቋጦውን አይታ አትመርጥም፤ ዓይኖቿ መንገዱ ላይ ናቸው። ጎሹ ይህን ሊነግራት አፉን ሲከፍት በራሱ አፍ ውስጥ ጭቁኝ አገኘ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አጋዘን ማደን ከባድ ሥራ ነበር። ሦስት ቀን በደረቱ እየተሳበ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ጠብቆ፣ ከሁለት መቶ እርምጃ ላይ ይተኩስ ነበር። በየዓመቱ ርቀቱ አጠረ። አምና በስድሳ እርምጃ ነበር የመታው። ያኔ ዕድሜ ልምድ ጨመረልኝ ብሎ ኩራት ቢጤ ተሰምቶት ነበር።

ዘንድሮ መሳብ አላስፈለገውም። ሌላ ጊዜ መንጋው የሚገኘው ከተራራው ጀርባ፣ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ነው። አሁን ግን ከከተማው በላይ ካለው የመጀመሪያ መስክ፣ የቤቶቹ ቆርቆሮ ከሚታይበት ቦታ ላይ ቆሞ አገኙት። ሃያ ሦስት አጋዘን። ነፋሱ ከጎሹ ጀርባ ወደ እነሱ ይነፍስ ስለነበር ሽታው ደርሷቸዋል። ቀና ብለው አዩት። ከዚያ እንደገና ወደ ሣራቸው ጎንበስ አሉ።

"ለምን አይሸሹም?" አለ ጎሹ በሹክሹክታ።

"ሰው ሰው አንሸትማ" አለች ሲፈን። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። "ሽታ የሚመጣው ከሆድ ነው። ሆዳችን የእነሱ ነው።"

ከመሃላቸው ገቡ። ምርጫ አልነበራቸውም፤ ሽማግሌው ወንድ ከመንጋው መሃል ተኝቶ ነበር። ቀንዶቹ ተጠማዘው ወደ ላይ ወጥተዋል፣ ጉሮሮው ላይ ነጭ ምልክት አለው፣ ዓይኖቹን ከድኖ ያመነዥካል። ጎሹ በሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ቆመ። ያኔ ሆዱ ጮኸ። ረጅም፣ ተንከባላይ፣ ቤት ውስጥ ቢሆን ይቅርታ የሚያስጠይቅ ጩኸት ነበር። ፈገግ ሊል ሲል የሽማግሌው አጋዘን ሆድ መለሰለት። ከዚያ የአንዲት ሴት አጋዘን ሆድ፣ ከዚያ የሲፈን።

ጎሹ ዘወር ብሎ አያት። አገጯ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ይሄዳል። የሽማግሌውም አገጭ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። የመንጋው ሁሉ አገጭ በአንድ ምት ይሄዳል። የራሱን አገጭ በእጁ ያዘው፤ እጁ ውስጥም ሆኖ አልቆመም።

ተመልሶ መሄድን አሰበ። ወዲያው የፋንታዬ አምባር ወደ ክርኗ ሲንሸራተት ታየው። ሽማግሌው ተነሥቶ ጎኑን ሰጠው። ጎሹ ጠመንጃውን አነሣና ከወርቹ ኋላ አነጣጥሮ ተኮሰ።

ቃታውን የሳበው እሱ መሆኑን ያውቃል። አጋዘኑ በጉልበቱ ሲወርድም አይቷል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ለማንም አልተናገረም፣ ለሚስቱ ካልሆነ በቀር። የተኩሱ ድምፅ ገደሉን መትቶ ሲመለስ ጎሹ እየሮጠ ነበር። ልሩጥ ብሎ አላሰበም። ግራና ቀኙ የአጋዘን ጎን ነበር፣ ሞቃትና ላብ የሸተተ፤ ጠመንጃው የት እንደወደቀ አላየም። ጉልበቱ የሚያመው ሰው ነው፤ ያን ሰዓት አላመመውም። መንጋው ወደ ግራ ሲታጠፍ ወደ ግራ ታጠፈ። የሚያስፈራው ነገር ምን እንደሆነ አላወቀም። ተኳሹ እሱ ራሱ መሆኑም ትዝ አላለውም።

ያስቆመው አንድ ጅረት ነው። ሌሎቹ ሲዘሉ የእሱ እግር አዳለጠውና በግንባሩ ውኃው ውስጥ ወደቀ። ቅዝቃዜው ስሙን መለሰለት። ቀና ሲል መንጋው ዳገቱን እየወጣ ነበር፤ ሲፈንም ከመሃሉ አለች። ጫማዋ የለም። ፔርሙሱ ጀርባዋ ላይ ይንገጫገጫል።

"ሲፈን" ብሎ ጠራት።

አንድ ጊዜ ዞራ አየችው። ቅርንጫፍ ሲሰበር የሰማ አጋዘን እንደሚያይ አየችው። ከዚያ ከመንጋው ጋር ከጫፉ ባሻገር ወረደች።

ጎሹ ሰዓቱን አየ። ከተኩሱ ሃያ አምስት ደቂቃ አልፏል። ዳገቱንና የመጣበትን መንገድ ተራ በተራ አየ፤ ከዚያ እያነከሰ ወደሞተው አጋዘን ተመለሰ። በካራው ሆዱን ከፈተ። ፈርሱ ይጨስ ነበር፤ አረንጓዴ፣ የረጠበ፣ ጭቁኝ ጭቁኝ የሚሸት። አፉ ምራቅ ሞላ፤ በራሱ አፈረ። ፔርሙሱ ስለሌለ የውኃ ኮዳውን ደፍቶ ሞላው፣ በሸሚዙ ጠቀለለውና ከቆዳው ጋር አስጠግቶ ወደ ከተማ ወረደ።

አስታ ሜዳ ሰው አልነበረበትም።

በሮች ተከፍተዋል። አስፋልቱ ላይ አንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ ራቅ ብሎ ሌላ፣ የሕፃን ጡጦ፣ የተገለበጠ የቅጠል ቅርጫት። ፀጉር ቤቱ ውስጥ መላጫው ማንም ሳይዘው ወለሉ ላይ እየጮኸ ነበር፤ ወንበሩ ላይ የተላጨ ግማሽ ፀጉር። አውቶቡሱ መንገድ መሃል ቆሞ በሮቹ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። የፖሊሱ ብስክሌት አጥር ላይ ተሰቅሏል። የትም ቦታ ጩኸት የለም። ጎሹ ቤቱ እስኪደርስ ያየው ሕያው ነገር አንድ ድመት ብቻ ነው።

ፋንታዬ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከአልጋ በራሷ ስትወርድ በወሩ የመጀመሪያዋ ነው።

"ተኩሱን ሰማሁ" አለች። "ከዚያ ቤቱ ተንቀጠቀጠ። መኪና መስሎኝ በመስኮት ባይ ሰው ነው። ሁሉም፣ አንድ ላይ፣ ትንፍሽ ሳይሉ። ወይዘሮ ሙልዬ ልጇን በአንድ እጇ አንጠልጥላ አለፈች፤ ብጠራት አላየችኝም።" ፊቱን አየች። "አንተም ሮጥክ?"

ጎሹ አጠገቧ ተቀመጠ። "ሮጥኩ" አለና ሁሉንም ነገራት። ሲጨርስ ኮዳውን ከሸሚዙ ፈታ። "አሁንም ይሞቃል። ጠጪ።"

"እኔ እኮ አልታመምኩም ጎሹ።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ኮሶ ጠጥቼ ነው።"

ጎሹ ያለፍላጎቱ ዙሪያውን ቃኘ፤ የሚሰማ ሰው ግን አልነበረም። ኮሶ እርሾውን ከሥሩ ይነቅላል፤ የጠጣ ሰው ሦስት ዓመት ይታሰራል፣ ዛፉም ከከተማው ክልል ውስጥ ተቆርጦ አልቋል።

"ከየት አመጣሽው?"

"ከወንዙ ማዶ አንድ ቀርታለች።" ብርድ ልብሷን ሰበሰበች። "በሰኔ አንድ ቀን ሲነጋ ሜዳው ላይ ቆሜ ነቃሁ። በሌሊት ልብሴ። ከእኔ ጋር አምስት ሴቶች ነበሩ፣ ሙልዬም አለች፣ አፋችን ሣር ሞልቶ። ስሟን ልጠራት ብል አጣሁት። ከዚያ የራሴን ፈለግኩ፣ እሱንም አጣሁት። ፀሐይ ስትወጣ ነው የመጣልኝ። አንተ ተኝተህ ነበር። ልነግርህ ብዬ ምን እንደምልህ አጣሁ፤ በማግስቱ ኮሶውን ወቀጥኩ፤ እርሾ በሰጡኝ ቁጥርም ደገምኩት።"

"ታዲያ ምን ልትበዪ ኖሯል? ከቅጠል በቀር ምን አለ?"

"ምንም። እሱን አላሰብኩትም።"

ኮዳውን ወደ እሷ ገፋ አደረገው። እሷም መልሳ ወደ እሱ ገፋችው። ጎሹ አልለመናትም፤ ክዳኑን ዘግቶ ምድጃው አጠገብ፣ ሙቀት እንዳያጣ፣ በጨርቅ ሸፍኖ አኖረው።

ሰዉ መመለስ የጀመረው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ፣ ልብሳቸው በእሾህ ተቀዶ፣ እግራቸው ደምቶ መጡ። ግማሽ ራሱን የተላጨው ሰውዬ ቀጥ ብሎ ፀጉር ቤት ገባና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ፀጉር ቆራጩም መላጫውን አንሥቶ ከተወበት ቀጠለ። ማንም ስለሩጫው አልተናገረም። "ሆድዎ እንዴት ዋለ?" "ሲፈጭ ዋለ።" የአንድ ጡረተኛ ኮሎኔል አስከሬን ቦይ ውስጥ ተገኘ፤ ልቡ ነው ተባለና ተቀበረ።

ጎረቤታቸው ሙልዬ ማምሻውን ልትጠይቅ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ ፋንታዬን ከላይ እስከ ታች አየቻት። እግሯን አየች፤ ንጹሕ ነው።

"አንቺ አልሮጥሽም?" አለች።

"የት?" አለች ፋንታዬ።

የሙልዬ አፍንጫ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ሌላ እርምጃ ሄደች፤ ልጇንም ወደ ቀሚሷ አስጠጋች። ሠላሳ ዓመት የተገባቡበትን ደጅ ጀርባዋን ሳትሰጠው፣ እንደሚሸሽ ሰው ወጣች። በማግስቱ ፋንታዬ አጥሩ ላይ ተደግፋ ስትቆም በመንገዱ የሚያልፈው ሁሉ ወደ ማዶው ተሻገረ። ሕፃናቱ ሳይቀሩ። አንድ ሰው ክፉ አልተናገራትም። ብቻ ባለችበት በኩል የሚያልፍ ጠፋ፤ አመሻሽ ላይ ሰዉ ወጥቶ ሲቆም ፊቱን ያዞረው ወደ ነፋሱ ሳይሆን ወደ ጎሹ ቤት ነበር።

ሲፈን ዓርብ ከሰዓት ተመለሰች። ናሙና ስትሰበስብ እንደቆየች ለጽሕፈት ቤቱ ነገረች። ፔርሙሱ ሙሉ ነበር፤ ፈርሱን ከየት እንደቀዳችው፣ አጋዘኑን በምን እንደገደለችው የጠየቃት የለም። ጎሹ ሊያነጋግራት ቢሄድ ፈገግ ብላ "እነሱ በጣም ደጎች ናቸው ጋሽ ጎሹ" አለችና ወደ ሥራዋ ገባች።

ቅዳሜ ማለዳ ከጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። የዘንድሮው እርሾ እጅግ ጠንካራ ስለሆነ ለአቶ ጎሹ ምስጋና ያቀርባል። ለከርሞ ሁለት ፈቃድ እንደሚወጣ ያስታውቃል። የሐሙሱ ክስተት የነፋስ ውጤት ሆኖ መመዝገቡን ገልጾ፣ በአደን ዕለት ነዋሪው ጫማውን አጥብቆ አስሮ እንዲውል ያሳስባል። ጎሹ ለፋንታዬ ጮክ ብሎ አነበበላት። ሥራውን ሊተው እንደሆነም ነገራት።

"ብትተወው ሌላ ሰው ይወጣል" አለችው።

"ይወጣል።"

ከዚያ ኮዳውን እንዲያመጣላት ጠየቀችው። ጎሹ መጀመሪያ የሰማ አልመሰለውም።

"ርቦሽ ነው?"

"ረኃቡንስ ለምጄዋለሁ።" መንገዱን አየች፤ ባዶ ነበር። "ሐሙስ ዕለት እዚህ ደጃፍ ላይ ብቻዬን ስቀመጥ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ሜዳው ላይ ስሜን ካጣሁበት ቀን ይልቅ ፈራሁ። ያን ቀን ቢያንስ ስድስት ነበርን።"

ኮዳውን አመጣላት። በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ሳትተነፍስ ጠጣችው። አፏን በነጠላዋ ጠረገች። ከሰዓት በኋላ ሆዷ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንጫጫ፤ ሁለቱም ሰሙት። ጎሹ የቀነጠበላትን ለጋ ግራር እስከ መጨረሻው በላች።

"ከርሞ ሲተኮስ" አለች ሰሐኑን እየመለሰችለት፣ "እጄን ያዘኝ።"

"እኔም እኮ አልቆምም ፋንታዬ። ይዤሽ የምቆም አይምሰልሽ።"

"ቁም አላልኩህም። አብረን እንድንሮጥ ነው።"

ጎሹ ሰሐኑን መሬት ላይ አኖረና አጠገቧ ተቀመጠ። እጇን አነሣ። ጣቶቹን በጣቶቿ መሃል አሳልፎ ጨበጠው።

"እንዲህ?"

"ትንሽ ጠበቅ" አለች።